ከድምፅ የዘገየ አውሮፕላን፣ ከድምፅ የፈጠነ አየር

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። በዛፎቹ ጥላ ሥር አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል።]

ይሄ ባጃጅ ገና ሳይደርስ መንገደኛው ገለል አለ። ጡሩምባው ቀድሞ ደርሶታላ። አየርም እንደዚሁ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ከፊቱ ያለውን አየር ሲገፋ፣ ያ ግፊት በድምፅ ፍጥነት ቀድሞ ይሮጣል። "መጣሁ፣ ዞር በሉ" ይላል። አየሩም አስቀድሞ ለሁለት ተከፍሎ ክንፉን ከላይና ከታች ያሳልፈዋል።

ባጃጁ ከራሱ ጡሩምባ ቢፈጥንስ? አቦ፣ እዚህ የሚሞክሩ አይጠፉም፤ እሱን እንተወው። ብቻ ማንም ሳይሰማ፣ ማንም ሳይዘጋጅ ዘው ማለት ነው።

[ምስል፦ ፀሐይ የመታው አስፋልት፤ ከዚያ ከደመና በላይ ያለ ሰማይ።]

የድምፅ ፍጥነት ሁሌ አንድ አይደለም። ሙቀት ያፈጥነዋል። ድሬ 35 ዲግሪ ስትገባ ድምፅ በሰዓት ወደ 1,270 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ወደ 1,060 ይወርዳል። አብራሪዎች ፍጥነታቸውን ከዚህ ጋር አነጻጽረው "ማክ" ይሉታል፤ ማክ 1 ልክ የድምፅ ፍጥነት ነው። ከቦሌ ተነስቶ ሩቅ አገር የሚሄደው ቦይንግ 787 በማክ 0.85 ይበራል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

0.85 ከ1 ያንሳል። ታዲያ ምን አስጨነቀን?

የሚያስጨንቀው የክንፉ ጀርባ ነው። ጀርባው ጎበጥ ስለሚል በላዩ የሚያልፈው አየር ከአውሮፕላኑ ይበልጥ ይፈጥናል። አውሮፕላኑ 0.85 ላይ እያለ እዚያ ያለው አየር 1ን አልፎ ሄዷል። ወደ ክንፉ ጭራ ሲጠጋ ደግሞ ተመልሶ መዝገም አለበት። ቀስ በቀስ ግን አይዘገምም። አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዝቅ፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ በአንድ ጊዜ። ሾክ ዌቭ የሚባለው ይሄ ነው።

[ምስል፦ ግቢ ውስጥ፤ ቧንቧ፣ ከሥሩ ዝርግ ትሪ።]

ውሃ በመጣ ቀን ቤታችሁ ሞክሩት። ቧንቧውን ትሪው መሃል ላይ ክፈቱት። ውሃው ስስ ሆኖ እየተዘረጋ ይሮጣል፣ ከዚያ ድንገት ክብ ሠርቶ ይወፍርና ይዘገማል። አሁን የእርሳስ ጫፍ ከክቡ ውስጥ ንከሩ። ሞገዱ ወደ መሃል መመለስ አቅቶት ወደ ውጭ እንደ ቀስት ጫፍ ታጥፎ ይቀራል። ውሃው ከራሱ ሞገድ ይፈጥናላ! ውሃ አየር አይደለም፤ ግን ያ ክብና የክንፉ መስመር ዘመዳሞች ናቸው።

[ምስል፦ የክንፍ ቁመታዊ ሥዕል፤ ቀይ መስመር ጀርባው ላይ።]

ሾኩ ሲበረታ ክንፉን የሚታከከው ስስ አየር ያንን የግፊት ግድግዳ መሻገር ያቅተውና ከክንፉ ይላቀቃል። ክንፉ ይንቀጠቀጣል፣ የአየሩ ጉተታ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1941 ፒ-38 የሚባለውን የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ይሄን በነፍሳቸው ነው የተማሩት። ከከፍታ ቁልቁል ሲወረወሩ፣ ገና ወደ ማክ 0.7 ሲጠጉ፣ አፍንጫው ይደፋል፤ መሪው ድንጋይ ይሆናል። ከተረፉት አንዳንዶቹ አውሮፕላኑ የታዘዘላቸው ወደ ምድር ሲቀርቡ ነበር። ታች ያለው አየር ሞቃት ነው፤ ሙቀት ድምፅን ያፈጥናል ብለን አልነበር? አውሮፕላኑ ያው ሆኖ ማኩ ወረደለት።

[ምስል፦ የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ፤ ሽቅብ የሚወጣ አይሱዙ።]

መፍትሔውን ወደ ሐረር ስትወጡ ታዩታላችሁ። ደንገጎን ቀጥ ብሎ የሚወጣ አይሱዙ የለም። መንገዱ አግድም እየተጠማዘዘ ዳገቱን ያለዝበዋል። የጄት ክንፍም ወደ ኋላ የተቀለበሰው ለዚሁ ነው፦ አየሩ ጉብታውን በሰያፍ ሲያገኘው ጉብታው ረዘም፣ ለስለስ ይልበታል፤ ያን ያህልም አይፈጥንም። ጀርመናዊው አዶልፍ ቡዘማን ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ላይ ሲያቀርብ ብዙም ልብ ያለው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ የናሳው ሪቻርድ ዊትኮምብ የክንፉን ጀርባ ጠፍጠፍ አደረገውና ሾኩ ደከመ። አልጠፋም፣ ደከመ።

[ምስል፦ ከአውሮፕላን መስኮት የሚታይ ክንፍ።]

ስላልጠፋም ይታያል። በጄት ስትሄዱ ከክንፉ አጠገብ መስኮት ያዙ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የክንፉን ጀርባ አተኩራችሁ እዩ። ከአውሮፕላኑ ገላ ወደ ክንፉ ጫፍ የተዘረጋች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትንቀጠቀጥ ቀጭን ጥላ ካያችሁ፣ የሾኩ ጥላ ናት።

ከድሬ አዲስ አበባ በባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ስትበሩ ግን አትልፉ። ክንፉ ቀጥ ያለ ነው፣ ፍጥነቱም ማክ 0.6 አካባቢ ነው። እዚያ ጥላዋ የለችም።