ከአድማጮች፦ 100 ላይ አንድ ቀዳዳ፣ 1000 ላይ ብትንትን

ከዴንቨር የደወሉ አድማጭ፦ «ለሩቅ ዒላማ ውድድር 6.5 ክሪድሙር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ጠብመንጃ በልኬ አሠራሁ። ጥይቱንም ባሩዱን ቀለሃ ውስጥ ጨምሬ፣ አረሩን ገጥሜ ራሴ ነኝ የምሞላው። 100 ያርድ ላይ ሦስቱም አንድ ቀዳዳ ይገባሉ፤ 1000 ላይ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ይበተኑብኛል። ጠብመንጃው ይሆን?»

ጠብመንጃውን አይውቀሱት። ብተናው ወደ ላይና ወደ ታች ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍጥነትን ነው። የሁለት ጥይት ፍጥነት በሴኮንድ 10 ሜትር ቢለያይ፣ 100 ያርድ ላይ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። 1000 ላይ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ቅርቡ ዒላማ ጉዱን ይደብቅልዎታል። የጥይት ፍጥነት መለኪያ፣ ክሮኖግራፍ ይግዙ፤ የግድ ነው።

ሦስት ጥይትም አይበቃም። ሦስቱ በዕድል አንድ ቀዳዳ ይገባሉ፤ እኔም ስንቴ ተሸውጃለሁ! ቢያንስ 10 ተኩሰው የእያንዳንዱን ፍጥነት ይመዝግቡ። ልዩነቱ ከበዛ፣ የባሩድ ዓይነት ከመቀየርዎ በፊት የራስዎን ሥራ ይፈትሹ። ባሩዱን በመስፈሪያ ነው የሚሰፍሩት ወይስ በጥሩ ሚዛን ይመዝናሉ? ቀለሃዎቹ የአንድ ፋብሪካ ናቸው? እኩል ጊዜ ተተኩሰዋል? አንዱ ቀለሃ አረሩን አጥብቆ፣ ሌላው አላልቶ ከያዘ ፍጥነቱም አብሮ ይዘበራረቃል።

ግራና ቀኝ ከተበተነ ግን ነፋስ ነው። የጎን ነፋሱን በሰዓት በ1 ማይል ብቻ ቢሳሳቱ፣ 1000 ላይ ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ይስታሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ሜዳ ላይ መዋል ነው።

ከዳላስ፦ «ጓደኛዬ የሚጠቀምበትን የባሩድ ልክ ሰጠኝ። ካሊበራችን አንድ ነው። እንዳለ ልቅዳው?»

ኧረ በፍጹም! በትእዛዝ የተሠራ ጠብመንጃ፣ ጥይቱ ገብቶ የሚተኮስበት የአፈሙዙ ቤት (ቻምበሩ) ብዙ ጊዜ ጠበብ ይላል። ለጓደኛዎ የተስማማው ልክ በእርስዎ ጠብመንጃ ግፊቱ ከመጠን ሊያልፍ ይችላል። አምራቹ ካሳተመው መመሪያ ላይ ከመነሻው ልክ ይጀምሩና ቀስ እያሉ ይጨምሩ። የመመሪያውን ጣሪያ አይለፉ። መዝጊያው አልከፈት ካለ ወይም የቀለሃው ቂጥ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት ካዩ፣ እዚያው ያቁሙ። የሞሏቸውን የተረፉ ጥይቶች አይተኩሱ፤ አረሩን ነቅለው ይፍቷቸው። እንዲህ ያለው ምልክት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው።

ሙቀቱንም አይርሱ። ጥር ላይ ልክ የነበረው ሙሌት በቴክሳስ ሐምሌ ግፊቱ ይጨምራል።

ከቨርጂኒያ፦ «ለጓደኞቼ እየሞላሁ ብሸጥስ?»

ድሮ አገር ቤት ጥይት እንደ ሳንቲም ይመነዘር ነበር አሉ። አሜሪካ ውስጥ ግን ጥይት ሞልቶ ለመነገድ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል። በነጻ ልስጣቸው ካሉ ደግሞ፣ እኔ የሌላ ሰው ሙሌት በጠብመንጃዬ አስገብቼ አላውቅም።