ጦስኝ፦ ከሽሮው እስከ ደም ግፊቱ

ቢኒያም፦ እስቲ ይህን አሽትቺው።

ሰላም፦ ውይ፣ ጦስኝ! ከየት አመጣኸው?

ቢኒያም፦ ከሰሜን ሸዋ ስመለስ መንገድ ላይ ገዛሁት። ይኸው ሦስት ቀኑ፣ መኪናዬ አሁንም ሻይ ቤት ሻይ ቤት ይሸታል።

ሰላም፦ እማዬ ሽሮ ውስጥ ትጨምረዋለች። ጉንፋን ሲይዘን ደግሞ በሻይ፣ ከማር ጋር። ግን ሲበቅል አይቼው አላውቅም። ቁጥቋጦ ነው?

ቢኒያም፦ ድንክ ቁጥቋጦ በይው። ብዙው ከስንዝር እምብዛም አያልፍም፣ መሬት ላይ ተንሰራፍቶ ነው የሚያድገው። ሣር እንዳይመስልሽ፣ ግንዱ እንጨት ነው። አበባው ጥቃቅን ነው፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ሐምራዊ። ደግሞ የደጋ ልጅ ነው፤ ከ2,200 ሜትር በላይ ካልሆነ አይመቸውም።

ሰላም፦ ሳይንሳዊ ስሙስ?

ቢኒያም፦ አንዱ ዝርያ ታይመስ ሽምፐሪ ይባላል። ሽምፐር በ1800ዎቹ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረ ጀርመናዊ ነው። ገበሬው ስንት ዘመን ጦስኝ ሲለው የኖረውን ተክል በሱ ስም ጠሩት።

ሰላም፦ ይገርማል! ለጉንፋኑ ግን በእውነት ይሠራል ወይስ ሙቀቱ ነው?

ቢኒያም፦ ሙቀቱም አለበት። ግን ሽታው ዝም ብሎ ሽታ አይደለም። ዘይቱ ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል አሉ፣ ሁለቱም ጀርም ይገድላሉ። ቲሞል የአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ ሁሉ ይገባል። አውሮፓ ውስጥም ከዘመዱ ቅጠል የሳል ሽሮፕ ይሠራሉ።

ሰላም፦ እኔን የሚያስፈራኝ የደም ግፊቱ ነገር ነው። አንድ ዘመዳችን «ጦስኝ ይበቃኛል» ብለው ኪኒናቸውን ተዉ። ከወር በኋላ ሲለኩ የላይኛው 180!

ቢኒያም፦ ሻዩን ይጠጡ፣ ማን ከለከላቸው? ኪኒኑን ግን ያለሐኪም አያቁሙ። ደርበው የሚወስዱም ከሆነ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ሰላም፦ ቆይ፣ እዚህ እስሩ ግርጌ ላይ ያለው ምንድን ነው? አፈር አለው።

ቢኒያም፦ ሥር ነው። ጫፍ ጫፉን በማጭድ ቢያጭዱት እንደገና ያቆጠቁጣል። ሲነቀል ግን አለቀ። ለዚህ ነው ድሮ ደጅ ይለቀም የነበረው አሁን ሩቅ የሚያስኬደው።

ሰላም፦ እና ይህን የገዛኸው አንተ ነህ?

ቢኒያም፦ ሥሩን ያየሁት ቤት ገብቼ ስፈታው ነው።