ለሐይቅ የሚሰጥ ገንዘብ ከምርመራ ይጀምር
(ለሐይቆች ጥበቃና ማገገሚያ ድጋፍ ሰጪዎችና ተቀባዮች ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የገንዘብ መዳቢ መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች፣ የውኃና የተፋሰስ ባለሙያዎች፣ የሐይቅ ዳር ማኅበራት አባላት፣

በመርሐ ግብሩ ላይ የሰፈረው ርእስ «የድጋፍ ገንዘብ አጠቃቀም» ይላል። በአጠቃቀሙ ላይ ብዙ ተብሏል። እኔ የማተኩረው ገንዘቡ ዘወትር በማይደርስበት ቦታ ላይ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያንን ፕሮፖዛል ያውቀዋል፤ ግማሾቻችሁ ጽፋችሁታል፣ ግማሾቻችሁ ፈርማችሁበታል። አንድ የአረም ማጨጃ ጀልባ፣ ሁለት ሦስት አየር መንፊያ፣ ደለል መጥረጊያ፣ የዳርቻ ግንብ፤ የሚጠናቀቀው በአንድ የበጀት ዓመት። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ክትትልና ግምገማ» የሚል መስመር አለ፤ የሚደርሰው ከሌላው ሁሉ የተረፈው ነው። ግዥ ሲቆራረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ማሽኑ ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ውኃው ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። ያን ጊዜ ምን እንደተፈጠረ የሚናገር አንድ ቁጥር እንኳ በእጃችን የለም።

ስለዚህ የመጣሁበትን ልናገር። ለሐይቅ ማገገሚያ የሚመደብ የሕዝብ ገንዘብ በሦስት ክፍል ይሰጥ፦ ለምርመራ፣ ለሥራ፣ ለክትትል። የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው አይለቀቅ። ሦስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ተቆርጦ ይቀመጥ፤ ማንም እንዳይነካው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የንጹሕ ውኃ ሕግ ክፍል 314 ሥር የሐይቆች ፕሮግራም አቋቁማ ነበር። ለመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማለትም ሐይቁ ለምን እንደታመመና ምን እንደሚያዋጣ ለሚያጠናው፣ የፌዴራል መንግሥቱ 70 በመቶ ይከፍል ነበር፤ ጣሪያው 100,000 ዶላር። ለሁለተኛው፣ ለሥራው፣ ግማሹን። ሦስተኛው ምዕራፍ ከሥራው በኋላ ያለውን ክትትል ብቻ የሚሸፍን ነበር። ለጥናቱ ከሥራው የበለጠ ድርሻ መከፈሉን ልብ በሉልኝ፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለኛል፤ ለጥናት ከኪሱ የሚያወጣ ማኅበረሰብ ማግኘት ከባድ ነውና። ታዲያ ይህ ፕሮግራም ምን ሆነ? በ1990ዎቹ አጋማሽ ገንዘቡ ተቋረጠ። ሕጉ አልተሻረም፤ በጀቱ ብቻ ደረቀ። ሐይቆቹም ከወንዙና ከእርሻው ጋር በአንድ ሌላ ቋት ውስጥ ተሻሙ።

ምርመራው ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ? ሁለት ሐይቆችን አስቡ። በሲያትል አጠገብ ያለው ዋሽንግተን ሐይቅና በስዊድን የቬክሾ ከተማው ትሩመን። ሁለቱም የከተማ ፍሳሽ ተቀባይ ነበሩ፤ ከሁለቱም ፍሳሹ ተነሣ። ከዋሽንግተን ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለሰ፤ ጥልቁ ቦታው ከ60 ሜትር የሚበልጠው፣ ውኃው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚታደሰው ይህ ሐይቅ ራሱ አገገመ። በ1960ዎቹ አንድ ሜትር እንኳ ጠልቆ የማይታየው፣ የውኃን ጥራት ለመለካት የሚጠልቀው ነጭ ዲስክ በሚቀጥለው አሥርት መጀመሪያ ሦስት ሜትር ያህል ድረስ ታየ። ማንም ደለል አልጠረገም፣ ማንም ኬሚካል አልጨመረም።

ትሩመን ግን ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ሐይቅ ነው። ፍሳሹ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተነሣለት፤ አሥር ዓመት ቢጠበቅም ምንም አልተለወጠም። ለምን? ምክንያቱም ለዓመታት የተከማቸው፣ አልጌን የሚመግበው ፎስፈረስ ወለሉ ላይ ባለው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ፣ ኦክስጅን ባጣ ቁጥር ከብረት ተላቅቆ ወደ ውኃው ይመለስ ነበር። ባለሙያዎቹ ጭቃውን በቱቦ ወግተው አወጡ፣ ንብርብሩን ለኩ፣ የትኛው ድረስ መነሣት እንዳለበት አወቁ። በ1970 እና በ1971 በየዓመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ተመጠጠ። የተመጠጠው ዝቃጭ ወደ ኩሬ ገባ፤ ከኩሬው የሚመለሰው ውኃ ፎስፈረስን በሚይዘው ኬሚካል፣ በአልሙኒየም ሰልፌት፣ ታክሞ ፎስፈረሱ ሳይመለስ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ የደረቀው ጭቃ ለአትክልት ቦታ አፈር ሆነ። ቆይቶም ወለሉን የሚቆፍሩ ዓሦችን መቀነስ አስፈለገ።

እንግዲህ የዋሽንግተንን መድኃኒት ለትሩመን ብትሰጡት ትጠብቃላችሁ እንጂ ሐይቁ አያገግምም። የትሩመንን ለዋሽንግተን ብትሰጡት ደግሞ ራሱን በሚያድን ሐይቅ ላይ ሀብት ታፈሳላችሁ። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ!

የምርመራው ዋጋም የሚያስፈራ አይደለም። በሐይቁ ጥልቅ ቦታ ላይ፣ አልጌ በሚበዛበት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከላይና ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ናሙና መቅዳት። ሙቀትንና ኦክስጅንን በየሜትሩ መለካት። ጠቅላላ ፎስፈረስ፣ የሚሟሟ ፎስፈረስ፣ ናይትሮጅን፣ የአልጌውን ብዛት የሚያሳየው ክሎሮፊል። ጠርሙሱ በአሲድ የታጠበ፣ ናሙናው በበረዶ ተይዞ ከብርሃን የተከለለ ይሁን። በየገባሩ ላይ ደግሞ የውኃውን ፍሰት መለካት፤ ያለ ፍሰት ልኬት የናሙና ቁጥር ብቻውን ስንት ኪሎ እንደገባ አይነግራችሁም። እዚህ ላይ የሚበላሸውን ላመልክት፦ ናሙና ቀጂው በወር አንድ ጊዜ፣ ፀሐያማ ቀን መርጦ ይሄዳል። የዓመቱ ፎስፈረስ ብዙው የሚገባው ግን በጥቂት ኃይለኛ ጎርፎች ነው። ጎርፉ ያመለጠው ጥናት የእርሻውን ጥፋት በሐይቁ ወለል ላይ ይጥላል፣ ገንዘቡም ወደ ተሳሳተ ማሽን ይሄዳል።

ስለ እንቦጭም አንድ ነገር። ከመቶ ቶን የታጨደ እንቦጭ ከ90 ቶን በላይ የሚሆነው ውኃ ነው፤ ድጋፉ የሚያጓጉዘው ውኃ ነው ማለት ነው። ዳርቻ ላይ ከተከመረ ሲበሰብስ ንጥረ ነገሩ ተመልሶ ይገባል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1990ዎቹ በተለቀቁት ጢንዚዛዎችና በሌሎች ምክንያቶች አረሙ እጅግ ቀንሶ ነበር፤ በኋላ ተመለሰ። በጣና ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት እጅ፣ ስንት ማሽን እንደተሰለፈ ታውቃላችሁ። ማጨድ አያስፈልግም አላልኩም፤ ገባሩ ሳይነካ ማጨድ ማለቂያ የሌለው ደመወዝ ነው እንጂ ማገገሚያ አይደለም!

አልሙኒየም ሰልፌት ለሚጠይቁም እንዲሁ። ሲረጭ የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 በታች ከወረደ የሚሟሟው አልሙኒየም ዓሣ ይፈጃል። ስለዚህ መጠኑ አስቀድሞ በዕቃ በተቀዳ የሐይቁ ውኃ ላይ ተፈትኖ ይወሰን፣ የውኃው አልካሊነት (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ዝቅ ካለ ከሶዲየም አሉሚኔት ጋር ተቀላቅሎ ይረጭ። ይህን ያላካተተ ፕሮፖዛል ሳታነቡት መልሱት።

ክትትሉን የሚንቅ ካለ ኢሪ ሐይቅን ይመልከት። በ1972ቱ የአሜሪካና የካናዳ ስምምነትና ከዚያ በኋላ በተወሰነው በዓመት 11,000 ቶን ጣሪያ ፎስፈረሱ ወረደ፣ ሐይቁ ተነሣ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ከእርሻ የሚመጣው የሚሟሟ ፎስፈረስ ወደ ላይ ወጣ። በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ዳር ያለችው የቶሊዶ ከተማ ነዋሪዎች በአልጌ መርዝ ምክንያት የቧንቧ ውኃ እንዳይጠጡ ተከለከሉ። የፎስፈረሱ ዓይነት መቀየሩን ያወቁት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በገባሩ ላይ ሳይቋረጥ ናሙና የሚቀዳ ጣቢያ ስለነበረ ነው። ያ ጣቢያ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር አይደለም። ፎቶም አይወጣም። ገንዘብ ሰጪዎች ሆይ፣ የምትከፍሉት ለሐይቁ ነው ወይስ ለፎቶው?

ጊዜዬ እያለቀ ነው፤ ቀሪውን በአጭሩ። የራስ መዋጮ በገንዘብ ብቻ አይጠየቅ፤ የበጎ ፈቃደኛ ሰዓት በተፈረመ መዝገብ ከተያዘ ይቆጠር። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ያልተነካው ገንዘብ አይወሰድ፤ የናሙና ወቅት ከበጀት ወቅት ጋር አይገጥምም። ቅድሚያ ከፍላችሁ አስመልሱ የሚለው ደንብ ደግሞ ትንንሽ ማኅበራትን ከበር ይመልሳል፤ ቢያንስ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ወጪ በቅድሚያ ይለቀቅ።

ነገ ጠዋት በሚቀርበው የማመልከቻ ቅጽ ላይ «ክትትል» የሚለው መስመር ከዋናው በጀት ተለይቶ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ተብሎ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚቃወም ካለ ምክንያቱን በቁጥር ይዞ ይምጣ።

አመሰግናለሁ።