ጋርባ ጉራቻ፦ በሳነቴ አምባ ጫፍ ያለው ትንሽ ሐይቅ

እሷ፦ ወንድሜ፣ ዛሬ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንውጣ። ስለ ጋርባ ጉራቻ አቀማመጥ ብትነግረን?

እሱ፦ በደስታ፣ እህቴ። ሐይቁ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ቦርቡሮ በተወው ጎድጓዳ ስፍራ የተኛ ትንሽ ውኃ ሲሆን፣ ስሙ በኦሮምኛ «ጥቁር ባሕር» ማለት ነው። ተመራማሪዎች ከሥሩ ያወጡት ደለል ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደውን የአበባ ብናኝ ስላቆየ፣ በረዶው ከቀለጠ በኋላ አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ ወደ ከፍታው እንዴት እንደተስፋፋ ከእርሱ ማንበብ ችለዋል።

እሷ፦ በዙሪያው ካለው ዕፅዋት መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ጅብራው መሰለኝ።

እሱ፦ አዎን። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ ሲያበዛ ይኖርና፣ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። እኔ ግን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ መሬት እንዲያወርድ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም የአምባው ኑሮ የተንጠለጠለው በባሌ ብቻ በሚገኘው በግዙፉ ፍልፈል ላይ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ሊጠጋ የሚችለው ይህ እንስሳ ከጉድጓዱ ብዙም ሳይርቅ ሣሩን እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ አፈሩንም ሳያቋርጥ ይገለብጣል። በአጠገቡም አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ቆማ፣ ከተገለበጠው አፈር የሚወጡትን ነፍሳት ስትለቅም ትታያለች።

እሷ፦ ቀይ ቀበሮውም የሚያደባው ፍልፈሉን ነው።

እሱ፦ በትክክል። ቀይ ቀበሮዎች በቡድን ይኖራሉ፣ ሌሎች ቀበሮዎች ከክልላቸው እንዳይገቡም በጋራ ይጠብቃሉ፤ ለአደን ግን እያንዳንዱ ብቻውን ይወጣል። በባሌ ምግባቸው ከሞላ ጎደል አይጠ መጎጥ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች በመሆናቸው፣ ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እጅግ ያስፈራኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2008 ተነሥቶ ብዙዎቹን ጨርሷል።

እሷ፦ ክትባቱ አሁን ለቀበሮዎቹም ይሰጣል አይደል?

እሱ፦ ይሰጣል፤ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት ይቀመጥላቸዋል። ሆኖም ፓርኩ ውስጥ የሚሰማራው ከብት ሲበዛ ፍልፈሉ የሚበላው ሣር ይጋጣል፣ ከእረኞቹም ጋር ውሾቹ ይመጣሉ። ስለዚህ ስለ ግጦሹ ከነዋሪው ጋር ሳይስማሙ ክትባቱን ብቻ ማዳረስ አይበቃም።