ሳቋ የምን ነበር?

ሰላም ናችሁ? የዛሬው ስለ ደብዳቤዎች ነበር፤ ቃል ገብቼላችኋለሁ፤ ግን ይቆየን። አንድ ነገር ውስጤን እየበላኝ ነው፤ እሱን ሳላወራ ወደ ሌላ መሄድ አቃተኝ።

ያ የቆየ የሬዲዮ ቅጂ፣ ባለፈው ያነሳሁላችሁ፣ የታሪክ ጸሐፊዋ ያለችበት። እንደገና ሰማሁት። ጨዋታው ደህና ነው፤ ስለ ሰነዶች፣ ማን ምን ብሎ እንደጻፈ፣ ማን ማንን እንዳልጠቀሰ። እሷ ጥንቁቅ ናት። ቀን ከመጥቀሷ በፊት ወረቀቷን ታገላብጣለች፤ ይሰማል። ታዲያ ወደ መጨረሻው ጠያቂው እንዲህ ይላታል፦ «ከጻፉት ሁሉ፣ ዛሬ ቢሆን አልጽፈውም የሚሉት ይኖራል?»

ዝም ትላለች።

ወረቀቷን ስታስቀምጥ ይሰማል። መነጽሯንም ያወለቀች ይመስለኛል፤ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ የሚል ነገር አለ። ትንፋሽ ትስባለች። ከዚያ፣ «አንድ ምዕራፍ አለ። እሱን ስጽፍ ሰውየው ገና በሕይወት ነበር፤ እና እኔ...»

«ይቅርታ፣ ሰዓታችን ስላለቀ...»

ሙዚቃ። ከሙዚቃው ሥር ደግሞ እሷ ትስቃለች። አጭር ሳቅ።

እና እኔ ምን? ፈራሁ? አዘንኩለት? ዋሸሁ? በቃ ከአፏ ላይ ነጠቃት! ዕድሜዋን ሙሉ ያልተናገረችውን ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ሰዓት። መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ በጣም ነው የተናደድኩት። ሬዲዮ ዝምታን ይፈራል፤ ማሰራጫው ላይ ዝምታን የሚጠብቅ መሣሪያ የሚገጥሙ ጣቢያዎች አሉ፤ ድምፅ ሲጠፋ ብልሽት ነው ብሎ የተዘጋጀ ሙዚቃ ይለቃል። ሰው እያሰበ ሊሆን እንደሚችል መሣሪያው በምን ይወቅ?

ይኸውላችሁ፣ ወንበሬ ጮኸች። ሰማችኋት፤ እንዳትጽፉልኝ።

ምን ልል ነበር... አዎ፣ ኦርዌል፣ እንግሊዛዊው ደራሲ። በፈረንጆቹ ከ1941 እስከ 1943 ቢቢሲ ውስጥ ወደ ሕንድ ለሚተላለፈው ክፍል ሠርቷል። በ1942 የግጥም ዝግጅት ነበረው፤ ፎቶ አለ፦ ገጣሚዎቹ ቲ ኤስ ኤልየትና ዩና ማርሰን፣ ደራሲው ሙልክ ራጅ አናንድ፣ ሁሉም ማይክሮፎን ከበው። ያን ፎቶ ብዙ አይቼዋለሁ። የኦርዌል ድምፅ ያለበት ቅጂ ግን አንድም አልተገኘም። የጦርነት ጊዜ ስለነበር የሚነገረው ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ሳንሱር አልፎ ነው የሚነበበው፤ ጭውውት የሚመስለው ሳይቀር። ስለዚህ ቃሉ ተርፏል። በ1937 ስፔን ላይ ጉሮሮውን በጥይት ተመትቷል፤ ያ የቆሰለ ድምፅ ኤልየት ፊት እንዴት ይወጣ ነበር? የት ጋ ያርፍ ነበር? የለም። ጀርመናዊው ጸሐፊና ፈላስፋ ዋልተር ቤንያሚንም እንደዚያው፤ እስከ 1933 መጀመሪያ ለጀርመን ሬዲዮ ያን ሁሉ ሲናገር፣ ለልጆች ስለ ሊዝበን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያወራ፣ ወረቀቱ እንጂ ድምፁ አልቀረም።

የእሷ ግን ትንፋሿ አለ፤ ቃሉ ነው የጠፋው። የትኛው እንደሚሻል እንጃ።

ታላቅ እህቴ ምን እንዳለች ትገምታላችሁ። «ሰዓት ባይኖር ያን ጥያቄ መች ይጠይቃት ነበር?» አለችኝ። ብቻ... እውነት አላት መሰለኝ። የቢቢሲን የሬዲዮ ውይይት፣ «ኢን አወር ታይም»ን አስቡት፤ ሜልቪን ብራግ ከ1998 እስከ 2025 የመራው። ሦስት ምሁራን፣ አንድ ርዕስ፣ 45 ደቂቃ ያህል። በኋላ ላይ ፖድካስቱ ጭማሪ አመጣ፤ የሬዲዮው ሰዓት አልቆ ቅጂው ይቀጥላል፤ ምን ሳንል ቀረን ብሎ ይጠይቃቸዋል። ድምፃቸው ይለወጣል፤ ዘና ይላሉ፤ እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ሻይ ወይስ ቡና ይላል። እኔ ያቺን ጭማሪ ከዋናው እኩል እወዳታለሁ። ግን ዋናው ባይኖር፣ ያ ጥድፊያ ባይኖር፣ ጭማሪዋ ትጥም ነበር ወይ?

ትናንት ማታ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። እስካሁን ቀጥታ ስርጭት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ባይሆንስ? የቴፕ ዘመን ነው። ቴፕ በሴኮንድ 19 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ፣ 4 ሴኮንድ ዝምታ 76 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። አዘጋጁ በእጁ ይዞ ያየዋል። በምላጭ አግድም ቆርጦ፣ በማጣበቂያ አያይዞ፣ ዝምታውን መሬት ላይ መጣል ይችል ነበር። አልቆረጠውም። ትንፋሿን ትቶ መልሷን ከቆረጠ፣ ሰዓት አይደለማ! ሰው ነው የወሰነው። ምናልባት እሷ ራሷ «ያቺን አውጡልኝ» ብላ። ምናልባት ጠያቂው አልነጠቃትም፤ ከአፏ ሊወጣ ያለውን አይቶ ነው ያዳናት።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ሳቋን በዚያ ጆሮ መስማት አልቻልኩም። የእፎይታ ይመስላል። መልሼ ስሰማው ደግሞ የተቆረጠባት ሰው ሳቅ ነው፤ እሺ ይሁን የሚል።

ሰዓት ነው ብዬ ብቻ ልተወው? ጠያቂው ሲወጡ በሩ ላይ ጠይቋት ይሆን? እኔ ብሆን እጠይቃት ነበር። ይመስለኛል። ብትነግረኝስ፣ እዚህ ለእናንተ አወራው ነበር ወይ? አይ... ማለቴ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላም ቢሆን፣ እሷ ካልፈቀደች... ግን ጥያቄውን እኮ ሰምታ ልትመልስ ጀምራ ነበር፤ ማንም አላስገደዳትም፤ እንግዲህ ያ ራሱ መፍቀድ ከሆነ...