የአመታዊ ጉባኤያችን መክፈቻ ንግግር፦ የሼብ ዉሊ አመት

እንደምን ዋላችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ያዘጋጃችሁ፣ ድምፁን የምታስተካክሉ፣ ከሩቅ የመጣችሁ፣ ሁላችሁም ተመስገኑ። ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው፤ ፊልሞች አሳይተናል፣ የዘፈን ምሽት አድርገናል፣ አዳዲስ አባላትም ገብተዋል። ቀሪውን ታነቡታላችሁ፣ እኔ ወዳስጨነቀን ነገር ልግባ።

አመቱን ሙሉ የሰራነው በአንድ ሰው፣ በአሜሪካዊው ተዋናይና ዘፋኝ በሼብ ዉሊ ላይ ነው። ገና ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ "መሪ ተዋናይ ሆኖ የማያውቅ፣ የሚታወቅበትም ዘፈን የልጆች ቀልድ የሆነ ሰው ለምን አንድ አመት ይሰጠዋል" የሚል ክርክር ተነስቶ እስካሁን አልበረደም፣ በዚሁ ተቀይመው መምጣትም መዋጮ መክፈልም ያቆሙ አሉ። እኔ ደሞ ይሄ ነገር በጣም ያመኛል፣ ስለዚ ዛሬ እዚሁ በሁላችሁ ፊት መልስ ልስጥበት።

ሼብ ዉሊ እ.ኤ.አ. በ1921 ኦክላሆማ ውስጥ ኤሪክ የምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ተወለደ፣ የገበሬ ልጅ ነው፣ ፈረስ ላይ ያደገ፣ ሮዲዮ የሚባለውን የካውቦዮች የፈረስ ግልቢያ ውድድር የተወዳደረ፣ ገና በጉርምስናው ባንድ ያቋቋመ። በ1952 የወጣውን ሃይ ኑን የሚባለውን የካውቦይ ፊልም አብረን አይተናል። ባቡር ጣቢያ ሆነው አለቃቸውን ከሚጠብቁት ሶስት ሽፍቶች አንዱ፣ ቤን ሚለር፣ እሱ ነው። የሚናገረው ትንሽ ነው። ግን ከተማው ውስጥ ሲገቡ የሱቅ መስታወት ሰብሮ የሴት ኮፍያ የሚያነሳውን ሰውዬ አስታውሱ፣ ሰው ሊገድሉ እየሄዱ እኮ ነው! የከተማው ህግ አስከባሪ ሆኖ የሚተውነው ጋሪ ኩፐርም መድረሳቸውን የሚያውቀው በዛ በሚሰበረው መስታወት ድምፅ ነው። ረዳት ተዋናይ ማለት ይሄ ነው፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የአንድን ሰው ጠባይ ሙሉውን ያሳያችኋል፣ ታሪኩንም ወደፊት ይገፋዋል። ከዛ ራውሃይድ የሚባል ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ከ1959 ጀምሮ ፒት ኖላንን ሆኖ ሲሰራ ከጎኑ ገና ወጣት የነበረው ክሊንት ኢስትዉድ ነበር። በ1986 ደሞ ሁዝየርስ የሚባል ፊልም ላይ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሙሉ እድሜውን ሰራ።

አሁን ዘፈኑ። ዘ ፐርፕል ፒፕል ኢተር (ሐምራዊ ሰው በላ እንደማለት ነው) በ1958 ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ስድስት ሳምንት አንደኛ ነበር፣ ግጥሙንም ዜማውንም የሰራው ራሱ ነው። የልጆች ነው የምትሉ ጊዜውን አስቡት፣ የሶቪየቶች ሳተላይት ስፑትኒክ ህዋ ላይ ከወጣ ገና አመት አልሞላውም፣ ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ የሚፈራበት ጊዜ ነው፣ ወላጆች ደሞ ሮክ ኤንድ ሮል ልጆቻችንን አበላሸብን ይላሉ። እሱ ሁለቱን ፍርሃት አንድ ላይ አመጣቸው፤ አንድ አይን አንድ ቀንድ ያለው የሚበር ፍጥረት ከሰማይ ይወርዳል፣ የመጣው ግን ሮክ ኤንድ ሮል ባንድ ውስጥ ሊጫወት ነው። የፍጥረቱም ድምፅ ቴፑን አፍጥነው የሰሩት ነው፣ ዛሬ ሲሰማ ራሱ ያስቃል። ይሄን የሚያህል ሀሳብ በሁለት ደቂቃ ዘፈን መጨረስ ቀላል ነው የምትሉ ሞክሩት።

ሌላም አለ። አንድ ለሱ የታሰበ ዘፈን ፊልም ቀረጻ ላይ ስለነበረ አመለጠውና ሌላ ዘፋኝ፣ ሬክስ አለን፣ ዘፈነው፣ ታዋቂም ሆነ። ዉሊ አላኮረፈም፣ ቤን ኮልደር የሚባል ሰካራም ገጸ ባህሪ ፈጥሮ የዘፈኑን የቀልድ ስሪት ራሱ ዘፈነ፣ በዛው ገጸ ባህሪ በ1968 የካንትሪ ሙዚቃ ማህበር የአመቱ ኮሜዲያን ብሎ ሸለመው። እዛው ኤሪክ ላደገው ለሮጀር ሚለርም ጊታር ያስጀመረው እሱ ነው፣ ትልቅ የዘፈን ደራሲ የሆነውን ማለቴ ነው።

ጩኸቱ ላይም ተጣልተናል። ዲስታንት ድራምስ (1951) ከሚባል ፊልም ተወስዶ ስታር ዋርስን ጨምሮ ስንት ፊልም ውስጥ የገባው የዊልሄልም ጩኸት የሚባለው የተጎዳ ሰው ጩኸት የዉሊ ድምፅ ነው ብላችሁ ፖስተር ላይ ይጻፍ ያላችሁ ነበራችሁ። የስቱዲዮው ወረቀት ላይ ስሙ አለ፣ ባለቤቱም እሱ ነው ብላለች፣ ስለዚ "እንደሆነ ይታመናል" ብለን ጻፍን። ለምን "ነው" አላላችሁም ብሎ ማህበር መልቀቅ ግን ምን ይባላል?

በጣም የምኮራው ወጣቶቹ ሰብታይትሉን ሲሰሩ ነው፣ ያለ ክፍያ፣ ከስራ በኋላ እያመሹ። በጣም የምናደደውም እዛው ጋ ነው። የራውሃይድን ክፍሎች ተርጉመን እናመጣለን ብላችሁ ወስዳችሁ ስልክ የማታነሱ አላችሁ፣ ዛሬም አልመጣችሁም፣ ንግግሩ ግሩፑ ላይ ስለሚለቀቅ እንደምትሰሙኝ አውቃለሁ። ወንድሞቼ እህቶቼ፣ አልተቀየምኳችሁም። ካልቻላችሁ ፋይሉን እስከ ፊታችን እሁድ ላኩልን፣ የሚጨርስ ሰው አለ። በመዋጮ የጠፋችሁም ኑና አነጋግሩን፣ የአዳራሽ ኪራይ የምንሸፍነው ከራሳችን ኪስ ነው፣ በዚህ አካሄድ የሚቀጥለውን አመት ግማሽ እንኳን አንዘልቅም።

የሚቀጥለው አመት በማን ላይ ይሁን የሚለው ከሰአት በድምፅ ይወሰናል። የዉሊን ምርጫ የተቃወማችሁ እጃችሁን ለማውጣት ቁጭ በሉ፣ ምሳ በልታችሁ እንዳትሄዱ። አሁን ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቷን ታቅርብልን።