ከ20 ዓመት በፊት የተቀዳ ደም

እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ግሊዮብላስቶማ የተባለው የአንጎል ካንሰር ሲገኝበት እናቴ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ምን አጉድዬበት ይሆን?» እናቴ ምንም አላጎደለችም። ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ እዚህም እንደሷ ራሷን የምትወቅስ እናት አትጠፋም።

አስም፣ ችፌ ወይም ሌላ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች በዚህ ካንሰር የሚያዙት ከሌላው ሰው ባነሰ መጠን መሆኑን ተመራማሪዎች ካስተዋሉ ቆይተዋል። ግን ዕጢው ራሱ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ታዲያ አለርጂው ነው ካንሰሩን ያራቀው፣ ወይስ ካንሰሩ ነው አለርጂውን ያጠፋው?

ለዚህ ነው ወደ ጂን የተዞረው። ከወላጅ የወረስነውን ጂን በኋላ የመጣ ዕጢ አይለውጠውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጁዲት ሽዋርዝባውምና ባልደረቦቿ ስዊድን ውስጥ ባጠኗቸው ሰዎች ላይ፣ ለአስም ከሚያጋልጡት የኢንተርሊውኪን (የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) ጂኖች ልዩነቶች አንዳንዶቹ ከግሊዮብላስቶማ መቀነስ ጋር አብረው ታዩ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ በኋላ የመጡት ሰፋ ያሉ ጥናቶችም ሁሉንም አላጸኑትም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ሰዎች ጤነኛ ሳሉ የሰጡት ደም ለአሥርት ዓመታት በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ነበር። ከሰጪዎቹ መካከል 594ቱ በኋላ ግሊዮማ፣ ማለትም ግሊዮብላስቶማን የሚጨምረው የአንጎል ዕጢ ወገን፣ ያዛቸው። ደማቸው ካልታመሙት ሰዎች ደም ጋር ሲነጻጸር፣ የአለርጂ አንቲቦዲ፣ ማለትም አለርጂ ያለበት ሰው አካል የሚሠራው የመከላከያ ፕሮቲን፣ የተገኘባቸው ሴቶች በግሊዮብላስቶማ የመያዝ ዕድላቸው በግማሽ ያነሰ ሆነ። በወንዶቹ ላይ ግን ይህ አልታየም። ምልክቱ በሽታው ከመታወቁ 20 ዓመት አስቀድሞ በተቀዳ ደም ውስጥ ሳይቀር ነበር።

አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ የአስም መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ። አስም ሰው ይገድላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ትልቅ የጂን ጥናት ከ12 ሺህ በላይ የግሊዮማ ሕሙማንን ይዟል፤ የተሳተፉት ግን የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። የመከላከያ ጂኖች ደግሞ ከሕዝብ ሕዝብ በጣም ከሚለያዩት ውስጥ ናቸው። እኛ በሌለንበት የተገኘ ውጤት ለእኛ ልጆች ምን ያህል እንደሚሠራ ማን ይነግረናል?

ስለዚህ የምትታከሙበት ሆስፒታል ለምርምር ደም ወይም የዕጢ ናሙና ስጡ ቢላችሁ ወዲያው እንቢ አትበሉ። ስሜ ይደበቃል ወይ? የት ይቀመጣል? ሐሳቤን ብቀይርስ? ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ካረካችሁ ስጡ።

ወንድሜን ማንም አልጠየቀውም።

አመሰግናለሁ።